የቅዳሜ ቅኝት

እኔና ባለቤቴ አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ ክራር መቃኘት ነው። ቅዳሜ ነበር፣ ከምሳ በኋላ። እሱ በረንዳው ላይ ባለችው በርጩማ ተቀምጦ፣ የክራሩን ገበቴ ጭኑ ላይ አስደግፎ ክሩን ይወጥራል፤ እኔ ከፊቱ ቆሜ የታጠበ አንሶላ ገመድ ላይ አሰጣለሁ። ክሩን ይመታና ቀና ብሎ ያየኛል።

«ገና» እለዋለሁ።

ይወጥራል፤ ይመታል።

«ገና ነው።»

ይወጥራል።

«አለፍኸው፣ መልሰው።»

ይመልሳል። ልክ ሲሆን ምንም አልለውም። ዝም ካልሁ ልክ ነው ማለት ነው፤ ወደሚቀጥለው ክር ይሻገራል።

ሁሉንም ጨርሰን «በይ እንግዲህ፣ ልጆቹ ይጠብቁኛል» አለኝ።

«ልጆች ትላቸዋለህ? ታናሽየው ሸብቷል እኮ።»

«በሙዚቃ ማለቴ ነው።»

«በሙዚቃማ ገና አልተወለዱም።»

ሳቀ። ክራሩን ከረጢቱ ውስጥ ከቶ፣ ባጃጁ በር ላይ ጥሩምባ ሲነፋ እኔ «መጣልህ» ብዬው ወጣ። ማክሰኞ ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ እንደ ጎነበሰ ወደቀ፤ ሆስፒታል ሳይደርስ አረፈ። ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ አብረን በልተናል፣ አብረን ተኝተናል። ሁለታችንም ካልኖርን የማይሠራው ሥራ ግን ያ የቅዳሜው ነበር፤ ስለዚህ የመጨረሻው እሱ ነው ብዬ ይዣለሁ።

ባለቤቴ ክራር ተጫዋች ነበር። በዚህ ከተማ ክራር አንግቶ ሰርግ ላይ የታየ ሁሉ ተጫዋች ስለሚባል ይህን ማብራራት ይኖርብኛል። በወጣትነቱ ከቆቦ ወጥቶ፣ አዲስ አበባ በአንድ ትልቅ ቴአትር ቤት የባህል ሙዚቃ ክፍል ውስጥ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ክራር መትቷል። ባሕር ማዶ ተልኮ ተጫውቷል። ዛሬም ከዋጃ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ሾፌሩ አሮጌ ዘፈን ሲከፍት የእሱ ጣት የሚሰማበት ጊዜ አለ። ተሳፋሪው የዘፋኙን ስም ያውቃል፤ ክራሩን ማን እንደ መታው ማንም አይጠይቅም። እሱ በዚህ አይከፋም ነበር። እኔ እከፋለሁ።

እኔ የጎብዬ ልጅ ነኝ፤ ዕድሜዬን የጨረስሁት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ በማስተማር ነው። ሙዚቃ የተማርሁበት ቦታ የለም። ግን የእሱ ክራር ሲቃኝ እየሰማሁ ሽንኩርት ከትፌአለሁ፣ የተማሪ ደብተር አርሜአለሁ፣ ልጅ አስተኝቻለሁ። ጆሮዬ ሳላውቀው ተምሯል። ክራር የሚቃኝባቸው መንገዶች እንዳሉ፣ ትዝታ አንዱ፣ ባቲ ሌላው እንደሆነ፣ በአንደኛው የተቃኘ ክራር የሌላኛውን ዘፈን ሲመታ እንዴት እንደሚያስጠላ ማንም አስቀምጦ አላስተማረኝም፤ አውቀዋለሁ እንጂ።

ጡረታ ወጥተን ቆቦ ቤት ሠርተን እንደገባን የእሱ ጆሮ መጥፋት ጀመረ። አንድ ጠዋት በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ «ወፎቹ የት ሄዱ?» አለኝ። ወፎቹ ግቢያችን ባለው የኒም ዛፍ ላይ እርስ በርስ ሲጣሉ ቅጠል ያራግፉ ነበር። ቀኝ ጆሮው ጨርሶ ጠፋ። ግራው ወፍራም ድምፅ ያስገባል፤ ቀጭኑን አይቀበልም። ወፍራሞቹን ክሮች ራሱ ያገኛቸዋል፤ ቀጫጭኖቹ ላይ ሲደርስ ዓይኑ እኔን ይፈልጋል። የቅዳሜው ሥራችን እንዲህ ነው የተጀመረው።

«ለማንም እንዳትነግሪ» አለኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

ለማንም አልነገርሁም፤ ለልጃችን እንኳ። ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣው ሀብት ስሙ ነበር። መንገድ ላይ ሽማግሌዎች ቆመው ሰላም የሚሉት፣ ሰርግ ላይ ፊት ወንበር የሚለቀቅለት በዚያ ስም ነው። የፈራሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘመኑን ሁሉ በጆሮው የኖረ ሰው በገዛ አገሩ «ክራሩ ጠፋበት» ተብሎ እንዳይሞት።

እንግዲህ እሱ «ልጆቹ» ወደሚላቸው ሦስት ሰዎች ልምጣ።

የመጀመሪያው የፋርማሲ ባለቤት ነው። ዘመዱ ከውጭ የላከለት ኦርጋን አለው፤ ስንት መቶ ዓይነት ድምፅ እንደሚያወጣ ለመድኃኒት ገዢ ሁሉ ይናገራል። ድምፁስ ብዙ ነው፤ ጣቱ ግን አንድ ነው። ኪኒን ከማሸጊያው እንደሚገፋ ሰው በአመልካች ጣቱ አንድ አንድ እያለ ይጫናል። ሁለተኛው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ የሚያስተምር መምህር ነው፤ ዘፋኝ ነኝ ይላል። ሲዘፍን ዓይኑን ይጨፍናል፣ ግጥሙንም ማስታወሻ እንደሚያስጽፍ አስተማሪ እየቆራረጠ ያወጣዋል። ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ እንዲደርስበት ነው መሰለኝ አንዳንዱን ስንኝ ሁለት ጊዜ ይለዋል። ሦስተኛው የዋጃ ሰው ነው፣ የራሱን ባጃጅ ይነዳል፣ ከበሮ ይመታል። ከበሮውን የሚመታው እንደ አነዳዱ ነው። መንገዱ ቀጥ ሲልለት ይፈጥናል፣ ሰው ያየ እንደሆነ ድንገት ይቆማል።

ወደ ቤታችን የመጡ ዕለት የተናገረው መምህሩ ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ ባሉበት ከተማ እኛ ዝም ብንል ነውር ነው።»

እኔ ከጓዳ ሆኜ «ዝም ብትሉ ነውር አይሆንም» አልሁ።

ባለቤቴ እየሳቀ «ቅዳሜ እመጣለሁ» አላቸው። ከሄዱ በኋላ ምን ነክቶህ ነው ብዬ ያዝሁት። ዋና ዋና ዘፋኞች በመኪና አስፈልገው ያስመጡት የነበረ ሰው ከኪኒን ሻጭ ጋር ምን ያደርጋል?

«ብቻውን የሚጫወት ሰው ለግድግዳ ነው የሚጫወተው» አለኝ።

«ግድግዳ ይሻላል። ግድግዳ አብሮህ አይጫወትም።»

ልምምዱ የሚደረገው በፋርማሲው ጓሮ፣ ባዶ የመድኃኒት ካርቶን በተከመረበት የቆርቆሮ ዳስ ሥር ነው። የቆቦን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከቤት ልክ ሆኖ የወጣ ክር ዳሱ ሥር ሲደርስ ይላላል። ስለዚህ እኔም አብሬው መሄድ ጀመርሁ፤ ለሰው «ውኃ ልይዝለት ነው» እላለሁ። ከፊቱ እቀመጥና ምልክት እሰጠዋለሁ። ክሩ ከላላ ነጠላዬን ወደ ላይ እስባለሁ፤ ካለፈ ዝቅ አደርገዋለሁ፤ ልክ ሲሆን እጄን ጭኔ ላይ አሳርፋለሁ። በሰው ፊት እንዲህ ስንነጋገር ማንም አላወቀብንም ብዬ እኮራ ነበር።

ባለ ባጃጁ አንድ ቀን «እትዬ፣ ዛሬም ነጠላው አስቸገረዎት? መርፌ ቁልፍ ላምጣልዎት እንዴ?» አለኝ።

«ይልቅ ለከበሮህ ፍሬን አምጣለት» አልሁት።

እየተሳሳቁ ጀመሩ። ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው፤ ሲሰደቡ ይሥቃሉ። እኔን ያንገበገበኝ ግን አቀማመጣቸው ነው። መምህሩ መሀል ይቆማል፣ ኦርጋኑ ከጎኑ ይዘረጋል፤ ባለቤቴን ደግሞ ከዳር፣ በግራው በኩል ከበሮው ሊነካው እስኪደርስ አስጠግተው ያስቀምጡታል። ቴአትር ቤት የመሀል ወንበር የነበረው ሰው ነው! አንዴ «ክራር መሀል ነው የሚቀመጠው» ብል ፋርማሲስቱ «እዚህ ይመቻቸዋል እትዬ» ብሎ ገመዱን መፍታቱን ቀጠለ።

አንድ ቅዳሜ ይኸው ሰው ስልኩን አውጥቶ ክራሩ አፍንጫ ላይ ደቀነው። ድምፅ ሲሰማ የሚያበራ ነገር ጭኖበታል፤ ልክ ሲሆን አረንጓዴ ይሆናል።

«ጋሼ፣ ይቺ ክር ከኦርጋኑ ትንሽ ትለያለች። ኦርጋን ደግሞ አይሳሳትም።»

«ኦርጋንማ አይሳሳትም» አልሁ፣ «የሚሳሳተው የሚጫነው ነው።»

ባለቤቴ ግን «እሺ፣ ወደ ኦርጋኑ ላምጣት» አለና እኔን እኔን እያየ ክሯን ከነበረችበት አነሣት። የዚያን ዕለት እንደ ተናደድሁ ተናድጄ አላውቅም። ከቴአትር ቤቱ አለቆች ጋር ስለ አንድ ክር ሲከራከር ያደገ ሰው ለኪኒን ሻጭ ስልክ ሲታዘዝ!

በመንገድ «ለምን ትታዘዝላቸዋለህ?» ብለው፣ «ኦርጋኑ ወደ እኔ መምጣት አይችልም፤ እኔ ወደ እሱ መሄድ እችላለሁ» አለኝ። ትልቅ ነገር የተናገረ ይመስል ነበር። እኔ አልተዋጠልኝም፤ ዛሬም አልተዋጠልኝም።

ነሐሴ ላይ የቆቦ ልጃገረዶች ተሰብስበው የሚጫወቱበት በዓል አለን፤ ሶለል እንለዋለን። ባለፈው ዓመት በአዳራሽ ዝግጅት ሲደረግ እነዚህ ሦስቱ ከባለቤቴ ጋር እንዲጫወቱ ተጠሩ። ሊጫወቱ የመረጡት ዘፈን የባቲ ቅኝት ነው። ሳምንታት ተለማመዱት። ዘፈኑ እየተሻለው መጣ ብል ውሸት ይሆናል፤ ለመዱት ማለት ይቻላል።

በዓሉ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ክራሩ የሚሰቀልበት ሚስማር ባዶውን ነው።

«ልጆቹ መጥተው ወሰዱልኝ» አለኝ፣ «ሸክም እንዳይበዛብኝ አስበው።»

«ሲቃኝስ?»

«እዚያ ስንደርስ እንቃኘዋለን።»

ሌሊት ከዞብል ተራራ በኩል የዘነበው ዝናብ ጎርፍ አምጥቶ መንገዱን ቆርጦት ነበር። የያዝነው ባጃጅ በዞረበት መንገድ ሁሉ ጭቃ ጠበቀው፤ አዳራሹ ስንደርስ ስማቸው ተጠርቶ ሕዝቡ እያጨበጨበ ነው። ፋርማሲስቱ በር ላይ ሮጦ ተቀበለን፣ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል።

«ጋሼ አያስቡ! ቃኝተንልዎታል!»

«ምን አልህ?» አልሁት።

«በስልኩ ነው የቃኘነው እትዬ፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ደርሰው እንዳይቸገሩ ብለን።»

ባለቤቴ ወጣት ተጫዋቾችን ሲመክር «የሰውን ክራር መቃኘት የሰውን ጥርስ እንደ መፋቅ ነው» ይላቸው ነበር። በሙያው ያሉ ሰዎች ይህን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል፤ ከወንድማቸው ክራር እንኳ እጃቸውን ይሰበስባሉ። እነዚህ ግን እንደ አክብሮት ቆጥረውት፣ ክብር ለመስጠት ብለው፣ እጃቸውን ታጥበው ነክተውታል። በዚህ ላይ ስልክ እያንዳንዱን ክር ልክ ነህ ይለዋል እንጂ የትኛው ቅኝት ላይ እንዳለህ አይነግርህም። ፋርማሲስቱ የሚያውቀው ትዝታን ብቻ ነው። ክራሩን ትዝታ አደረገው። ዘፈኑ ባቲ ነው።

ይህን ያወቅሁት ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ካልሁ በኋላ ነው። ባለቤቴ ከዳር ቦታው ተቀምጦ ወፍራሙን ክር መታ፤ ያኛው ለሁለቱም ቅኝት ይሆናል፣ ልክ ነበር፤ ራሱን ነቀነቀ። ሌሎቹን ነካ ነካ ሲያደርግ ጭብጨባው አልበረደም ነበር። ወደ እኔ አየ። ነጠላዬን መሳብ ጀመርሁ፣ ግን የትኛውን ክር ልበለው? ግማሹ በቦታው የለም። መምህሩ ዓይኑን ጨፈነ፤ ተጀመረ።

ድምፁ በባቲ ገባ፤ ክራሩ በትዝታ መለሰለት። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ጀርባ ለጀርባ ሆነው የሚያወሩ ይመስል ነበር። በዚያው ረድፍ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ ክራሩ በኩል ዞረ። ጆሮ ያለው ሰው መሆኑን አወቅሁ። ከዚያ አንዲት ሴትዮም ዞረች። ባለቤቴ አንገቱን ደፍቶ፣ ፊቱ ላይ እንደዚያ ያለ ደስታ እያለ፣ ባቲ እየመታ ነበር፤ ለእሱ ጣቱ ባቲ ነው የሚመታው። ይኼውና አልሁ በሆዴ፤ ያ የፈራሁት ቀን ይኼውና መጣ።

ያን ጊዜ ከበሮው አበደ። ባለ ባጃጁ ከወንበሩ ተነሥቶ በሁለት እጁ ይወቅጠው ጀመር። ፋርማሲስቱ አንድ ጊዜ ገልመጥ አለና የኦርጋኑን ድምፅ እስከ ጥጉ ከፈተው፤ ድምፅ ማጉያው ተንጫጫ። መምህሩ ዓይኑን ገልጦ መጮህ ጀመረ። ክራሩ ጠፋ። ጣቱ ሲሄድ ይታያል፣ አንድም ነገር አይሰማም። ልጃገረዶቹ ለከበሮው ጨፈሩለት፤ ሕዝቡ እየሣቀም እየተቆጣም አጨበጨበ።

«ሽማግሌውን ዋጧቸው እኮ!» አለች አጠገቤ ያለችው። ሌላው «ደነዞች! ክራር ልንሰማ መጥተን ቆርቆሮ ሲያንኳኩብን!» አለ።

ከመድረኩ ኋላ ሄጄ ሦስቱንም አንድ ላይ አገኘኋቸው። «ጋሼ ጋሼ እያላችሁ አፈናችሁት» አልኋቸው። «የሰው ክራር ነክታችሁ አበላሻችሁ፤ ሳያንስ አፈናችሁት። እናንተን ከሰው ጋር ያጫወተ ነው ጥፋተኛው።» መምህሩ ጫማውን አየ። ፋርማሲስቱ ገመድ ጠቀለለ። ባለ ባጃጁ ብቻ «ይቅርታ እትዬ፣ ስሜት ውስጥ ገብተን ነው» አለ።

ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ በግራ ጆሮው በኩል አስቀመጠኝና «ተሰማሁ?» አለኝ።

«ተሰማህ።»

«ባቲዋ?»

«ቀጥ ብላ ወጣች።»

እጄን ያዝ አደረገ። በዚያ ውሸቴ አልጸጸትም።

ከዚያ በኋላ ከተማው ለሦስቱ እረፍት አልሰጣቸውም፤ እኔም ደስ አለኝ። ፋርማሲው ገብቶ «የራስ ምታት ኪኒን ስጠኝ፣ የሶለል ዕለት ያስያዛችሁኝ አልለቀቀኝም» የሚለው በዛ። ባጃጅ ላይ የሚሳፈረው ሁሉ «አደራ ቀስ በል፣ እንደ ሽማግሌው እንዳትውጠኝ» ይላል። መምህሩ ክፍል ሲገባ ተማሪዎቹ ጠረጴዛ ይደበድቡ እንደ ነበር ሰምቻለሁ። አንዳቸውም መልስ አልሰጡም። ባለቤቴ ስለዚህ ነገር ምንም አልሰማም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ መሄዱን ቀጠለ። እኔ ግን መቅረት አልቻልሁም፤ ነጠላዬን ይዤ እየሄድሁ፣ ማንንም ሳላናግር ምልክቴን ሰጥቼ እመለሳለሁ። የመጨረሻዋ ቅዳሜ ብቻ አንሶላው ስላልደረቀ ቀረሁ።

አርባው ካለፈ በኋላ ሦስቱም መጡ። ድንኳን ሲተከልም ሲነቀልም፣ ውኃ ሲቀዳም እነሱ ነበሩ፤ ያንን አልክድም። ያን ቀን ግን ጥያቄ ይዘው እንደ መጡ አቀማመጣቸው ያስታውቃል። ክራሩ ግድግዳው ላይ ነበር። በሙቀቱ ክሮቹ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲላሉ ነፋስ በነካው ቁጥር እሰማዋለሁ፤ ከእሱ ቅኝት እየራቀ ሲሄድ ማለት ነው። አንድ ቀን አውርጄ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ክር ወጠርሁ። «ገና» ባይም እኔ፣ ወጣሪም እኔ። እስኪመሽ ድረስ ፈጀብኝ፤ ግን ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው እንዲያ አደርጋለሁ።

መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ ዘንድሮ ሶለል ላይ ያችን ባቲ በጋሼ ስም ልንጫወታት አስበናል። ክራራቸውን ወንበር ላይ ብናስቀምጠው ብለን—»

«ሞቶም ልታፍኑት?» አልሁ።

ባለ ባጃጁ ኮፍያውን ከጉልበቱ ላይ አነሣ።

«እኔ ልናገር ነው» አለ።

«ተው» አለው ፋርማሲስቱ።

«ምን ተው አለው! ሰውየው እንደሆኑ አልፈዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። እትዬ፣ ያን ቀን ክራሩ ተበላሽቶ ነበር።»

«አውቃለሁ። ጆሮ አለኝ።»

«እኛ ነን ያበላሸነው።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ይህንንም ይወቁ። ጋሼ እንዳልሰሙት አየሁ። ፊት ያሉት ሽማግሌ ሲዞሩ አየሁ። ትንሽ ከቆየን ሕዝቡ ‹ጋሼ ክራር ጠፋባቸው› ሊል ነው። ‹ክራሩ አልተሰማም› ቢል አይሻልም? ብዬ ወቀጥሁት። እነዚህም ገባቸው። ወላሂ እትዬ፣ እንደዚያ ቀን ከበሮ መትቼ አላውቅም፤ እጄ ቆስሎ ሦስት ቀን ባጃጅ አልነዳሁም።»

«አለመስማቱን ማን ነገራችሁ?» አልሁ።

«ማን ይነግረናል! ባለ ባጃጅ ነኝ እትዬ። በዚህ ከተማ ማን እንደሚሰማ ማን እንደማይሰማ እኛን ይጠይቁ። ጥሩምባ ስነፋ ፍየል እንኳ ዞር ይላል። ጋሼ በቀኝ ከመጣሁ ዝም፣ በግራ ከመጣሁ ዞር። መጀመሪያ ኩራት መስሎኝ ነበር። ከዚያ እርስዎ በነጠላ ሲያናግሯቸው አየሁ።»

መርፌ ቁልፉ ትዝ አለኝ። በግራው በኩል ከበሮው ሥር ያስቀመጡትም ትዝ አለኝ፤ ከበሮውን እንዲሰማ ነው ለካ። እኔና እሱ እንደ ቤታችን ቁልፍ የያዝነውን ነገር አንድ ባለ ባጃጅ፣ አንድ ኪኒን ሻጭና አንድ የካርታ አስተማሪ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያውቁት ነበር፤ ሲያውቁም የከተማውን ስድብ ዓመቱን ሙሉ ውጠው ዝም አሉ።

አለቀስሁ ብዬ ብጽፍ ሰው ደስ ይለዋል። አላለቀስሁም፤ ተናደድሁ። ቤት አቃጥሎ ባልዲ ይዞ የሚሮጥን ሰው ምን ይሉታል? ክራሩን ያበላሹት እነሱ፣ የሸፈኑትም እነሱ። ፋርማሲስቱን ያዝሁት።

«ትዝታንና ባቲን ሳትለይ ነው የሰው ክራር የነካኸው?»

«አዎ እትዬ።»

«አሁንስ ትለያለህ?»

«በቅጡ አልለይም» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ክራር ገዝቻለሁ» አለ።

«ኧረ በማርያም!»

«የጋሼን ቦታ ማን ይይዘዋል ብለን ነው። ለምዳለሁ። መቃኘቱ ነው ያስቸገረኝ። የእሳቸውን ከግድግዳ አናወርድም፣ ይቅር። ግን እርስዎ መቃኘት ይችላሉ፤ አይተናል። ዳሱ ሥር መጥተው ‹ገና› ቢሉኝ እንኳ—»

«ሂድና ኪኒንህን ሽጥ» አልሁት።

ተነሡ። በር ላይ ሲደርሱ መምህሩ ዞር ብሎ፣ እንዳያስቀይመኝ እየፈራ፣ «እንግዲህ በስልኩ እንቃኛታለን እትዬ» አለ።

ይህ አባባሉ ነው የያዘኝ። እነዚህ ሰዎች ወደ ኋላ የሚሉ አይደሉም፤ ሲሰደቡ የሚሥቁ ናቸው። እኔ ብሄድም ባልሄድም በሶለል ቀን መድረክ ላይ ይወጣሉ፤ ስሙን ጠርተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ባቲውን በትዝታ ይመቱታል። ያንን ሽማግሌ የመሰለ ጆሮ ያለው ሰው ሰምቶ «የእሱ ክራር እንዲህ ነበር ማለት ነው» ይላል። በቁሙ የሸፈኑለትን ስም ከሞተ በኋላ በገዛ እጃቸው ሊያጠፉት ነው፤ ባለማወቅ፣ በአክብሮት።

«ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው?» አልኋቸው።

ይህን የምጽፈው ቀስ እያልሁ ነው፤ ጥቂት መስመር ጽፌ እተወዋለሁ። የእሱንም የእነሱንም ስም አልጻፍሁም፤ የቆቦ ሰው ግን ያውቃል። እሱ ከእንግዲህ «ደነቆረ» ቢባል የሚጎዳው ነገር የለም። ከተማው እስከ ዛሬ ሦስቱን «ሽማግሌውን ያፈኑ» ይላቸዋል፤ ይህን ያነበበ ሰው በዚህኛው ይተዋቸው። የሚሰደቡበት ሌላ ሞልቷል። መምህሩ አሁንም ያስጽፋል፣ ከበሮው አሁንም ፍሬን የለውም፣ ፋርማሲስቱ ክራሩን እንደ ኦርጋኑ በአንድ ጣት ነው የሚመታው፤ «ገና» ስለው ሁልጊዜ አሳልፎ ይወጥረውና ክሩ ይበጠሳል። ስለዚህ ከእጁ ተቀብዬ ራሴ እወጥረዋለሁ። የሰውን ጥርስ መፋቅ ነው፤ የእሱ ጥርስ ግን ሌላ መላ የለውም።

የባለቤቴ ክራር ግድግዳው ላይ ነው፤ ከእኔ በቀር ማንም አይነካውም። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ባጃጁ በር ላይ ጥሩምባ ይነፋል፤ ወደ ፋርማሲው ጓሮ ሄጄ የእነሱን ክራር ባቲ እቃኛለሁ።